መቶ ሠላሳ አንድ በሰማንያ ሰባት

ፕሮፌሰሯ ሃያ ሁለት ዓመት በሠሩበት ቢሮ ውስጥ፣ በጠረጴዛቸውና በብረቱ የፋይል ቁም ሣጥን መካከል በጎናቸው ወድቀዋል። የቁም ሣጥኑ ጥግ ደም ነክቶታል። ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ልብ ያለችው ግን ደሙን አልነበረም፤ ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ታጥፎ የተቀመጠውን የንባብ መነጽር ነው።

«ዞሮባቸው ነው የሚመስለው» አለ ረዳቷ ሳጅን። «ግፊት እንዳለባቸው ግቢው ሁሉ ያውቃል።»

«የዞረበት ሰው መነጽሩን አጥፎ አስቀምጦ አይወድቅም» አለች። «ማንበባቸውን ትተው፣ ቀና ብለው ያነጋገሩት ሰው አለ። ያ ሰው ደግሞ እንዲህ ወድቀው እያያቸው በሩን ስቦ ሄዷል።» በሩ ሲሳብ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ነው።

የሥራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ነገር አበጥራ ስለምታወጣ ነው የሚሉ አሉ። እሷ ግን «ምስጢር ስለማልቋጥር ነው» እያለች ታሾፍባቸዋለች። ዛሬ ግን የማሾፍ ፊት አልነበራትም።

ግድግዳው ላይ በክር የተንጠለጠለ ካርድ አለ። ፕሮፌሰሯ የሚመሩት ጥናት ነርስ በየሥራ ቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የፕሮፌሰሯን የደም ግፊት ለክታ የምትመዘግብበት ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የምስር ፍሬ የምታክል ክብ አለች፤ የነርሷ ምልክት። ኢንስፔክተሯ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አነበበች፦ 138/86፣ 142/88፣ 136/84፣ 140/90። ከዚያ የዛሬው፦ 131/87፣ ሦስት ሰዓት፣ ክብ።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ ሳጅኑ። «አስከሬኑን ያየው ሐኪም ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው የሞቱት ብሏል። ካርዱ ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት እንደነበሩ ይናገራል። ለካኋቸው የሚለው ምልክት የነርሷ ነው፤ እሷ ግን ዛሬ አላየኋቸውም ትላለች። ምክንያትም አላት።» ጠረጴዛው ላይ ክፍት ወደተተወው ካርቶን ጠቆመ።

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት የዚያ ጥናት ቅጾች ናቸው። የጨዋማ ጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ ሰዎች የደም ግፊታቸው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለማወቅ ሦስት ዓመት ተደክሟል። ነርሷ ግፊት ትለካለች፤ ኬሚስቱ የየጉድጓዱን ጨው ይመረምራል፤ ሶሲዮሎጂስቱ፣ ማለትም የፕሮፌሰሯ ታናሽ ወንድም፣ ቤት ለቤት እየዞረ የሰዉን አኗኗር ይጠይቃል። ጥናቱ ታትሞ ተጨብጭቦለታል። ባለፈው ሳምንት ግን ያሳተመው መጽሔት «የሦስተኛው መንደር የግፊት ቁጥሮች አጠራጥረውናልና በእጅ የተሞሉትን ቅጾች ላኩልን» ብሎ ጻፈ። ግፊት ለኪዋ ደግሞ ነርሷ ናት። ሳጅኑ ይህን ሲያስብ ካቴናውን ነካ ነካ ያደርግ ነበር።

ነርሷን ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት። ሃምሳን የተሻገረች፣ የጋወኗ ክርን የተጣፈ ሴት ናት። ኢንስፔክተሯ በመለኪያ ክፍሏ ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አገኘቻት። ዓይኗ ደም ለብሷል፤ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም።

«ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ» አለች። «አንኳኳሁ፤ መልስ የለም። ስብሰባ ገብተው ነው ብዬ ተመለስኩ።»

«ካርዱ ላይ የዛሬው ተጽፏል። ምልክትዎም አለ።»

«አልጻፍኩም። እኔ ያልለካሁትን አልጽፍም።»

ኢንስፔክተሯ እጅጌዋን ሰበሰበች። «እስቲ እኔን ይለኩኝ።»

ሲስተር ግራ ቢገባትም የሥራ ነገር ሆነባትና ጨርቁን የኢንስፔክተሯ ክንድ ላይ ጠቀለለች፤ በራሷ ጆሮ ላይ ማዳመጫውን ሰክታ ፊኛውን ጨመቀች። በጠባቡ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሜርኩሪው ከፍ አለ፤ ቀስ ብሎም ወረደ። ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ከቱቦው መስመሮች ላይ አልነቀለችም።

«መቶ አርባ ስምንት በዘጠና ሁለት። ጨው ይቀንሱ።»

«ግፊቴን ከጨው ይልቅ የሚያስነሳብኝ ሰው ነው። ለምን ባትሪ ያለውን አይጠቀሙም?»

«ፕሮፌሰር አይፈቅዱማ። እሳቸውም ሐኪምነት ሲማሩ በዚህ ነው የተማሩት። በጥናቱም ከዚህ ሌላ መለኪያ አልገባም።»

«ሦስተኛው መንደር ላይ ምን ሆነ?»

«አርባ ሰው ለካሁ። ከዚያ ወንዙ ሞላ፣ ድልድዩ ተቆረጠ፤ ተመለስን። የቀሩትን ስልሳ ሰዎች ከጤና ጣቢያው ነርስ ጋር ጨረስኩ አለኝ ልጁ።»

«ልጁ?»

«ወንድማቸው። ዶክተር ተብሏል አሁን፤ ለእኔ ግን ልጁ ነው። እናታቸው ሲሞቱ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እሳቸው አሳደጉት። እኔም ትምህርት ቤት አድርሼዋለሁ፣ ሲያተኩሰው አስታምሜዋለሁ።»

«እሱስ መለካት ያውቃል?»

«ሁለት ቀን ተቀመጥ ላስተምርህ ብዬው ነበር። ጊዜ የለኝም አለኝ።»

ወንድምዬው በራሱ ቢሮ ጭንቅላቱን በእጆቹ ይዞ ተቀምጧል። ከክፍል እንደወጣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የእህቱን በር በጽዳት ሠራተኛዋ ቁልፍ አስከፍቶ፣ ሬሳውን ያየው እሱ ነው።

«እትዬ እናቴም አባቴም ናት» አለ ድምፁ እየተሰበረ። «ቤት ቀርቼ እንዲህ ሆና ባላያት ይሻለኝ ነበር። ከቤት በቀጥታ ወደ ክፍል ነው የገባሁት፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ተኩል ሳስተምር ነበር። ስልሳ ተማሪ ምስክሬ ነው።»

ምስክር የጠየቀው አልነበረም። ኢንስፔክተሯ ግን ራሷን ነቀነቀችለት።

«የሦስተኛውን መንደር ሰዎች ማን ለካቸው?»

«ሲስተር ናታ፤ መቶውንም።»

«ድልድዩ ተቆርጦ አልነበረም?»

«ሌላ ቀን ተመለስን። ምልክቷ በሁሉም ቅጽ ላይ አለ፤ ማየት ይችላሉ።» ዓይኑን ጠረገ። «አሳድጋኛለች ማለት ይቻላል። በእሷ ላይ መናገር አንጀቴን ይቆርጠዋል። እውነቱን መደበቅ ግን አልችልም።»

ኬሚስቱ ቀጭን፣ ኩርፊያ ፊቱ ላይ የሰፈረበት ሰው ነው። ጥናቱ ገና ሳያልቅ ስሙ በመጨረሻ እንዲጻፍ ስለተወሰነ ከፕሮፌሰሯ ጋር ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም።

«አኩርፌ ነበር፤ አልክድም» አለ። «ሰው ግን አልገደልኩም።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ምስክሮቼ እነዚህ ጠርሙሶች ናቸው፤ ካናገሯችሁ ጠይቋቸው።» ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «አንድ ነገር ግን አለ። ወንዙ ከጎደለ ከሁለት ወር በኋላ ውሃ ልቀዳ ሦስተኛው መንደር ስሄድ ሰዎቹ "ግፊት ለኪዋ እኛ ጋ የምትደርሰው መቼ ነው?" አሉኝ።»

«ለፕሮፌሰሯ ነገሯቸው?»

«ስንነጋገር አይደል? ለወንድማቸው ነገርኩት። እከታተለዋለሁ አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ተመለሰች። መቶውን ቅጽ አንድ በአንድ አየች፤ አርባውን በስተግራ፣ ስልሳውን በስተቀኝ ከመረች። በአርባዎቹ ላይ ስድስት ቦታ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ጎኑ ላይ ክብና ቀን ተደርጎበት ትክክለኛው ተጽፏል። በስልሳዎቹ ላይ አንድም ስርዝ የለም። ስልሳ ሰው ለክቶ አንዴም አለመሳሳት የሚገርም ነው ብላ አሰበች። ከዚያ ካርዱን ከግድግዳው አውርዳ ተመለከተችውና የዛሬውን መስመር በጣቷ ተከትላ ከስልሳዎቹ ጎን አስቀመጠችው። ሌባና ቀማኛ ብዙ አይታለች፤ በጉርሻ ያደገ እጅ የሠራውን ማየት ግን ዛሬም አልለመደችውም።

«ሲስተርን እንያዛት?» አለ ሳጅኑ።

«መጀመሪያ ዘበኛውን ወንድማቸው ስንት ሰዓት እንደገባ ጠይቀው። ከዚያ ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበር አዘጋጅ።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱም ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ካርዱ፣ ሁለቱ ክምሮችና የሲስተር መለኪያ ተቀምጠዋል። ሳጅኑ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ዶክተር» አለች ኢንስፔክተሯ ወንድምዬውን፣ «ዛሬ ጠዋት እህትዎ ግፊታቸው መቶ ሠላሳ አንድ በሰማንያ ሰባት ነበር ይላል ካርዱ። እስቲ መቶ ሠላሳ አንድ የቱ ጋ እንደሆነ በጣትዎ ያሳዩኝ።»

ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ተመለከተ። ጣቱ መቶ ሠላሳ ላይ አረፈ፤ ወደ ቀጣዩ መስመር ወጣ፤ ተመለሰ።

«እዚህ… በመካከል ነው።»

«በመካከል ምን መስመር አለ?»

«የለም።»

«ሲስተር፣ ይንገሩን።»

«መስመሮቹ በሁለት በሁለት ነው የሚሄዱት» አለች ሲስተር፤ ነገሩ ገና እየገባት። «መቶ ሠላሳ፣ መቶ ሠላሳ ሁለት። ሜርኩሪው የደረሰበትን መስመር ነው የምንጽፈው። በዚህ መለኪያ ጎዶሎ ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ማንም ነርስ አይጽፍም።»

«በካርዱ ላይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያለውን አየሁ፤ አንድም ጎዶሎ የለም፤ ከዛሬው በቀር። በእነዚህ አርባ ቅጾችም የለም። በስልሳዎቹ ላይ ግን ጎዶሎው ከግማሽ ይበልጣል። ስለዚህ ስልሳዎቹን የጻፈው ሰው ይህን መለኪያ በእጁ ይዞ አያውቅም፤ ሲስተር አይደሉም፣ የጤና ጣቢያ ነርስም አይደለችም። ቁጥሩን ከራሱ እያወጣ ሞልቶ ክቧን ሥሎባታል። ዛሬ ካርዱ ላይም ያንኑ አደረገ።»

ኬሚስቱ ተቁነጠነጠ። «እኔም ይዤው አላውቅም።»

«ልክ ነዎት። ስለዚህ ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁ። አንድ ሰው ሬሳ አጠገብ ቆሞ "ሦስት ሰዓት ላይ ተለክተዋል" ብሎ የሚጽፈው ለምንድን ነው? ሟቿ ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት እንዲቆዩለት ነው። ይህ የሚጠቅመው ሦስት ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ የሚታይን ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ብቻዎን ነበሩ፤ የውሸት ሰዓት ምንም አያደርግልዎትም። ሲስተር በሦስት ሰዓት በሩ ላይ ነበሩ፤ እሳቸውንማ ገመድ ውስጥ ያስገባቸዋል። የቀረው ባለ ስልሳ ምስክር ነው።» ወደ ወንድምዬው ዞረች። «ከቤት በቀጥታ ወደ ክፍል ገባሁ አሉኝ። ዘበኛው ግን አሥር ጉዳይ ለሁለት ላይ ወደ እህትዎ ሕንፃ ሲገቡ አይቶዎታል።»

ወንድምዬው መለኪያውን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«ልገድላት አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ማታ ደውላ ብቻህን ና አለችኝ። ስገባ መነጽሯን አወለቀች። ቁጥሮቹ የውሸት ናቸው፣ ራስህ ጽፈህ ጥናቱን አውጣው፣ እኔም ከጎንህ እቆማለሁ አለችኝ። ስሜስ? ማዕረጌስ? ልወጣ ስል ክንዴን ያዘችኝ፤ ገፋኋት።» ድንገት ወደ ኬሚስቱ ዞረ። «አንተ ነህ የነገርካት።»

«አልነገርኳቸውም» አለ ኬሚስቱ።

«ታዲያ እንዴት አወቀች?»

«ቅጾቹን ገልጠው አዩአቸዋ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እስከዚያ ድረስ ያዩት የኮምፒውተሩን አማካይ ብቻ ነበር፤ አምነውዎት ቅጽ አልጠየቁም። በዚህ መለኪያ የተማሩ ሐኪም ናቸው፤ ለማወቅ አንድ ገጽ በቅቷቸዋል። እንዴት አወቅሽ ብለው ቢጠይቋቸው ኖሮ ይነግሩዎት ነበር። ያኔ ካርዱ ላይም ሌላ ቁጥር በጻፉ።»

ሲስተር ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። ልጅ ሳለ ስታስታምመው እንደምታደርገው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«እህትህን ገፋህ። እሺ፤ ተናደድክ፣ እጅህ ቀደመህ ልበል። የኔን ክብ ግን ቁጭ ብለህ ነው የሣልከው። ስልሳ አንድ ጊዜ።»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ሳጅኑ ጠዋት ለሌላ ሰው ያዘጋጀውን ካቴና አጥልቆለት ይዞት ወጣ። ኬሚስቱም ተከትሏቸው ሄደ።

ሲስተር ካርዱን ለማንሣት እጇን ዘረጋች።

«ማስረጃ ነው ሲስተር፤ ልሰጥዎት አልችልም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቅጂ አለኝ።»

«ቅጂውም ይሆናል። ስህተት ሆኖ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

ኢንስፔክተሯ ቅጂውን ሰጠቻት፤ ሲስተር ከጋወኗ ኪስ እስክሪብቶ አወጣች። የመጨረሻውን መስመር አልፋቀችውም፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ አድርጋ በአንድ መስመር ሰረዘችው። ጎኑ ላይ ቀኑን ጻፈች፤ ቀጥላም «ሦስት ሰዓት፤ በሩ ተዘግቷል፤ አልተለካም» አለች በጽሑፍ። ከዚያ ክቧን ልትሥል እስክሪብቶውን አሳረፈች። ቀኑን ሙሉ ጸንቶ የዋለው እጇ ግን የክቧን ጫፍ ከጫፍ ማገጣጠም አቃተው።