ሰባት ከተማ በአንድ ሲባጎ

ከጥር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በእነ ዳሲቱ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ምግብ መቅረቡ ቀረ። አክስቷ፣ የእናቷ እህት እትዬ አስካለማርያም፣ መላው ቤተሰብ ለክረምት ሆላንድ መጥቶ እንዲጎበኝ የጋበዘችው በዚያ ወር ነበር፤ አባቷ ኩምሳም በማግስቱ ጠረጴዛውን ጠራርጎ ሆላንድን ዘረጋበት። ካርታ አልነበረውም። ከጎሚስታ ቤቱ ሰባት የጎማ ብሎን ዳዶዎች አምጥቶ በአንድ ረጅም ሲባጎ ላይ ሰካቸው። አምስተርዳም ከሲኖትራክ ጎማ የወጣ፣ ቡጢ የሚያህል ዳዶ ነው። ሃርለም፣ ላይደን፣ ሄግ፣ ሮተርዳምና ዩትሬክት እየተከታተሉ ይመጣሉ። ከሁሉም የምታንሰውና ከሲባጎው ጫፍ ብቻዋን የተንጠለጠለችው ማስትሪክት የዳሲቱ ምርጫ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ አራቱም የቤቱ ሰዎች በርጩማ ላይ የተቀመጠውን ትሪ ከበው፣ አጎንብሰው ይበላሉ። ውኃ ሊያመጣ በጠረጴዛው አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሁሉ «ሮተርዳምን እንዳትነካ!» ይባላል።

ሚያዝያ ገብቶም ጉዞው አንድ እርምጃ አልተራመደም።

«ሃርለም የምንደርሰው ማታ ነው» አለ ኩምሳ፣ አንድ ሐሙስ ምሽት ጣቱን ከትልቁ ዳዶ ወደ ቀጣዩ እያንሸራተተ። «እዚያ እናድራለን። ሲነጋ ባቡሩ ከመነሳቱ ሁለት ሰዓት ቀድመን ጣቢያ እንገኛለን።»

«ሁለት ሰዓት ያንሳል» አሉ ጋሽ ሰቦቃ። በድሮው ምድር ባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ኩምሳ ደግሞ በአቃቂ ጣቢያ ሐዲድ ጠባቂ ነበር። ባቡሩ ከቆመ ብዙ ዓመት ቢሆንም ሁለቱ አሁንም በሳምንት አንድ ምሽት ተገናኝተው ያስነሱታል። «ሻንጣ የሚያስመዝን ሰው አለ፣ ወረፋ አለ። ስንቁንስ ማን ያዘ?»

«በሶና ዳቦ ቆሎ። ወርቅነሽ ታዘጋጃለች» አለ ኩምሳ፣ ወደ ሚስቱ እያየ።

ዳሲቱ የፊዚክስ መጽሐፏን ዘጋች። ሳታስበው ጠንከር አድርጋ ዘግታው ኖሮ ታናሽ ወንድሟ ቀናው ቀና ብሎ አያት።

«አባዬ፣ ከአምስተርዳም ሃርለም ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። ከቃሊቲ ሳሪስ እንደመሄድ ማለት ነው። አንዱ ባቡር ቢያመልጥ ወዲያው ሌላ ይመጣል። እዚያ የምናድርበት ምንም ምክንያት የለም።»

«ማን አለ?»

«የባቡር ድርጅቱ ድረ ገጽ።»

«እሱ ወረቀት ነው። በወረቀትማ እኛም በሰዓቱ ነበርን። አይደል ጋሽ ሰቦቃ?»

«በወረቀት?» ጋሽ ሰቦቃ እስኪያስላቸው ሳቁ። «በወረቀትማ ድሬዳዋ ለቁርስ እንደርስ ነበር!»

ዳሲቱ አልሳቀችም። ይህን ንግግር በልቧ ታውቀዋለች። አባቷ የሚያውቀው ባቡር ካመለጠ ቀን የሚያስቆጥር፣ ቢሄድም መንገድ ላይ የሚያሳድር ባቡር ነው፤ ስለዚህ ሆላንድን በሙሉ በዚያ ባቡር ሊያቋርጣት ተነስቷል። ሰባት ከተማ፣ ሰባት ማደሪያ። እትዬ አስካለማርያም ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ነገሩን ጨርሳው ነበር፤ «ዩትሬክት መሀል ናት፣ ቤቴም ሰፊ ነው። አሥራ አምስት ቀን ከተማ ለከተማ ዞራችሁ ማታ ማታ እኔ ጋ ትገባላችሁ» ብላ።

«ሰባት ሆቴል ለአራት ሰው አይቻልም» አለች ዳሲቱ። «ራስህ ነህ ያልከው።»

«አንችልም። ስለዚህ...» ኩምሳ ሲባጎውን ወጠር አደረገ። «ስለዚህ ዘንድሮ እኔና እናታችሁ ሄደን መንገዱን እናጥናው። እናንተ ለሌላ ዓመት ትደርሳላችሁ።»

«ምን?» አለ ቀናው።

ዳሲቱ ትንሿን ዳዶ አየቻት። ሦስት ወር ሙሉ ከጥናቷ በተረፈ ጊዜ ሁሉ የአገሩን ሙዚየም፣ የአገሩን ድልድይ፣ የአገሩን ቲኬት ስታነብ የከረመችው እሷ ናት። ማስትሪክት ውስጥ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት መደብር ሆኖ፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ መቆሙን ያገኘችው እሷ ናት። ይህን ስትናገር እናቷ «እግዚኦ! ታቦቱንስ የት አደረሱት?» ብላ ነበር። አሁን የሚሄዱት ሁለቱ ናቸው፤ ያነበበችው ትቀራለች።

ስልኩ የጮኸው በዚህ መሀል ነው። ወርቅነሽ የእጇን ውኃ በቀሚሷ አብሳ፣ ድምፁን ለሁሉም ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ኩምሳ! ኮምፕሬሰሬ ደህና ነው?»

እትዬ አስካለማርያም ሁልጊዜ የምትጀምረው በዚህ ነው። ምድር ባቡር ቆሞ ኩምሳ ያለ ሥራ በተቀመጠበት ዘመን፣ ለጎሚስታው የመጀመሪያውን ኮምፕሬሰር የገዛችለት እሷ ናት። ነገሩ ከጊዜ ብዛት የቤተሰቡ ሰላምታ ሆኗል። ወርቅነሽ ሳቀች። ቀናው ጉንጩን ነፍቶ እንደ ኮምፕሬሰሩ ፉ አለ። ኩምሳም ሳቀ፤ «ደህና ነው እትዬ፣ ሰላም ይልሻል» ብሎ ውሻውን ሊያስር ወጣ።

ውሻው ከታሰረ ቆይቷል።

«ስሙኝማ» አለች እትዬ አስካለማርያም፣ «የቪዛው መጥሪያ ደብዳቤ ላይ የት እንደምታርፉ ይገባል። እስከ ሰኞ ማታ ቁርጡን ንገሩኝ። ከዚያ ካለፈ የዓመት ፈቃዴም ያመልጠኛል፣ እናንተም ትቀራላችሁ።»

በማግስቱ በትምህርት ቤት ዳሲቱ ሁሉንም ለጓደኛዋ ለአቻምየለሽ ነገረቻት። አቻምየለሽ በሰው ጭንቀት ውስጥ መውጫ ቀዳዳ መፈለግ የምትወድ ልጅ ናት።

«ማለት ፋዘርሽ ችክ ብሏል።»

«ችክ ማለት አይገልጸውም።»

«ሼም ነው እኮ ዳሲ! ክፍሉ በሙሉ ማስትሪክት ማስትሪክት ስትዪ ሰምቶሻል። አሁን አቃቂ ስትከርሚ ምን ልንል ነው?» ሳቋን ጨርሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሸውጂው በቃ። ክረምት ስለሆነ ሆቴሉ በሙሉ ተይዟል በይው። ኢንተርኔት አይገባ፣ በምን ያውቃል? ሳይወድ በግዱ አክስትሽ ጋ ያድራል።»

«አባቴን?»

«እሱስ ሊያስቀርሽ አይደል?»

ውሸቷ ቀላል ነበረች፤ በአንድ ትንፋሽ ትባላለች። ዳሲቱ ቅዳሜን ሙሉ በአፏ ይዛት ዋለች። ግን በውሸቷ ከመጠቀሟ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አባቷን በእውነቱ ልታሳምነው ፈለገች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ «በአዲሱ ባቡር ሳሪስ አቦ ደርሰን እንመለስ» አለችው።

የከተማው ባቡር ቃሊቲ መግባት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኩምሳ አንድም ቀን አልተሳፈረበትም።

«እሱ ባቡር አይደለም። ሐዲድ ላይ የወጣ አውቶቡስ ነው።»

«እሺ፣ አውቶቡሱን እንሳፈር።»

ኩምሳ ጥቂት አሰበና የምድር ባቡሩን ኮት አውጥቶ ለበሰ። ከአቃቂ በታክሲ ቃሊቲ ደርሰው መሳፈሪያው ላይ ሲወጡ ባቡሩ በሩን ዘጋ። በፊታቸው ተንሸራቶ ሄደ።

«አየሽ?» አለ፣ የተረጋገጠለት ሰው ፊት አሳይቶ። «አመለጠን።»

«ሌላ ይመጣል።»

«አዋሽ ላይ አንድ ነጋዴ እንደዚሁ ብሎ ነበር። ‹ሌላ ይመጣል› ብሎ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ፍየሎቹ ተሳፍረዋል፣ እሱ...»

የፍየሎቹ ታሪክ ሳያልቅ ሌላ ባቡር መጣ። ኩምሳ አፉን ዘግቶ፣ የማያውቀው ሰው በስሙ እንደጠራው ሆኖ አየው።

ባቡሩ በሰው ተሞልቷል። አንድ ወጣት «አባት፣ ይቀመጡ» ብሎ ተነሳለት፤ ኩምሳ ግን በመስኮቱ ሐዲዱን እያየ ቆሞ ሄደ። ሳሪስ አቦ ወረዱ፤ ማዶ ተሻግረው ብዙም ሳይቆዩ የመልሱን ባቡር አገኙ። በመልሱ ቦታ ስለነበር ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እሺ፣ ገባኝ» አለ ኩምሳ። «ሆላንድም እንዲህ ከሆነ፣ በየከተማው ማደር አያስፈልግም።»

ዳሲቱ ደስታዋን ለመደበቅ እግሮቿን አየች። «እንግዲያው ማደሪያችን ዩትሬክት ነው?»

«አይደለም።»

«ምን?»

«እዚያ አናድርም።»

በውስጧ የከረመው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። «ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው? መንገዱን አሳየሁህ፣ ገባኝ አልክ! የእማዬ እህት ናት፣ ቤቷ ሰፊ ነው፣ ኑ ብላናለች! አንተ እንቢ ስላልክ እኔና ቀናው ልንቀር ነው። ምክንያቱን እንኳ አትነግረኝም!» ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው አዩአት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ውሸቷ አሁን ከንፈሯ ላይ ደርሳለች። «ደግሞም ሆቴሎቹ...»

«ማታ ማታ» አለ ኩምሳ፣ መስኮቱን እያየ፣ «ከጉብኝት ስንመለስ በሩን አንኳኳለሁ። ትከፍትልኛለች። ኮምፕሬሰሬ ደህና ነው? ትለኛለች።»

ዳሲቱ ወደ እሱ ዞረች።

«ክፋት የላትም። እሷ ባትኖር ምን እበላ እንደነበር አላውቅም። ቀልዷ ነው፤ እኔም እስቃለሁ። በስልክ ሲሆን ስቄ እወጣለሁ።» የኮቱን ቁልፍ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። «አሥራ አምስት ማታ ግን መሳቅ አልችልም፣ ዳሲ። እሷ ቤት ውስጥ ሆኜ ወዴት እወጣለሁ?»

ሴትዮዋ ፊታቸውን መልሰዋል። ባቡሩ በመጋዘኖቹ አጠገብ እያለፈ ነበር። ዳሲቱ የታሰረውን ውሻ አስታወሰች፤ ሐሙስን ብቻ ሳይሆን ከዚያም በፊት የነበሩትን ብዙ ምሽቶች አስታወሰች።

«ሆቴሎቹ ምን አልሽ?»

«ምንም» አለች።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እህቷ ናት፤ እሷንም እኔንም ያዝናናል ብላ ነው የምትስቀው።»

ዳሲቱ በዚያ ምሽት አንድም ገጽ ፊዚክስ አላነበበችም። የአባቷን ሰባት ሆቴሎች ተወች፤ የአክስቷንም ቤት ተወች፤ በሁለቱ መሀል ያለውን ፈለገች። የሚከራይ ቤት ፈልጋ አገኘች፤ አሥራ አምስት ሌሊት ግን አይቻልም። ቀኖቹን ቀነሰች። ቀኖቹ ሲቀንሱ ሩቅ ያለው ከተማ አልገባ አለ። ያንን ደጋግማ አሰላችው፣ በየትኛውም መንገድ አልገባ አለ። ተናደደች፤ የምትናደድበትን ሰው ግን አጣች። እናቷ ከእህቷ ጋር ማደር በናፈቀችበት ዓመት፣ አባቷ ከዚያው ቤት መሸሽ ይፈልጋል። ሁለቱም ደግሞ እውነት አላቸው።

ሰኞ ማታ ኩምሳ ከጎሚስታ ቤት ሲመለስ በሲባጎው ላይ ስድስት ዳዶ ብቻ አገኘ።

«ትንሿ የት ሄደች?»

«ርቃለች» አለች ዳሲቱ።

ቀጥሎ ላይደንን አየ። በዳዶው ላይ እንደ ጣሪያ የተደፋ የጠርሙስ ቆርኪ አለ። ኩምሳ ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየው።

«ስንት ክፍል አለው?»

«ሦስት።»

ሌላ ምንም አልጠየቃትም። ወጥቶ የእጁን ግራሶ ሲታጠብ ከወትሮው ይልቅ ቆየ። ስልኩ ሲጮህ ፎጣውን እንደያዘ ገብቶ ቆመ። ወርቅነሽ እንደ ልማዷ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«ኩምሳ! ኮምፕሬሰሬ ደህና ነው?»

ቀናው ጉንጩን ነፋ። ኩምሳ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ዳሲቱ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው።

«እትዬ፣ ዳሲቱ ነኝ። የምናርፍበትን ልንገርሽ።»

«እሱ ምን ይነገራል? ዩትሬክት፣ እኔ ቤት ነዋ!»

«ላይደን ነው። ቤት እንከራያለን። ስምንት ሌሊት።»

ወርቅነሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ምን አልሽ አንቺ?»

«እኔ እያለሁ?» የእትዬ አስካለማርያም ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «እህቴ እኔ እያለሁ፣ በሰው አገር የኪራይ ቤት ልታድር? ይሄን ያመጣው ማን ነው? አባትሽ ነው?»

ኩምሳ ፎጣውን ወንበሩ ላይ አኖረ፤ ወደ ስልኩም አንድ እርምጃ ተራመደ። ዳሲቱ ጀርባዋን ሰጠችው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። የወሰንኩት እኔ ነኝ። ላንቺም አልጋ አለ፤ የመጀመሪያዋ እንግዳችን አንቺ ነሽ።»