የመስፍኑ ፈረሰኞች

ደመላሽ የዲላ መናኸሪያን ግድግዳ ተደግፎ ጋዜጣውን አጠፈ። «የሚከተለኝ የለም» የሚል ምልክት ነው። የስለላ አለቃው ወንድይፍራው ተሳፋሪ መስሎ አጠገቡ ቆመ።

«ሸማኔ፣ ተናገር» አለው በምስጢር ስሙ።

«ሰባኪው ሙሉካ ነገ ጠዋት ይርጋጨፌ አጠገብ ካለችው ከኮንጋ ይወጣል። የሚደግፈው ባላባት ገሪማ የራሱን ፈረሰኞች ልኮ ሽፍታ የጠለፈው ያስመስላል። ከዚያ መንግሥት እንዳይይዘው ቤቱ ይደብቀዋል።»

«ይሄን ብልሃት ከየት አመጡት?»

«ከጀርመን አገር። ድሮ አንድ መነኩሴ ከሮማው ጳጳስ ተጣልቶ ሊገደል ሲታደን፣ የሳክሶኒ መስፍን በገዛ ፈረሰኞቹ አስጠልፎ ግንብ ውስጥ ደበቀው። አገሩ ሁሉ ሞቷል አለ። ሙሉካ ይሄን ተርኮ አይጠግብም። ገሪማንም ‹መስፍናችን› ይሉታል።»

ወንድይፍራው ፈገግ አለ። ደመላሽ ፈገግታውን አልወደደውም።

«እስር ብቻ ነው፣ አይደል?»

«ጃንሆይ ይሙቱ፣ እስር ብቻ!»

ደመላሽ ይርጋጨፌ ውስጥ ልብስ ሰፊው «ወንድም ፈለቀ» ሆኖ ከረመ። ጭሰኞቹ ለባለመሬት ጉልበት አንሰጥም ያሉት በሙሉካ ስብከት ነው ተብሎ ነበር የተላከው። በጾም ቀን፣ አርብ፣ ከምእመኑ ጋር መጀመሪያ ሥጋ የበላ ዕለት አስመለሰው። ወባ ሲጥለው ያስታመመው ግን ሙሉካ ነው። ስለላ ክፉ ሥራ ነው፤ የሚያታልሉትን ሰው ያስወድዳል።

በማግስቱ ጠዋት ከሙሉካ ጋር በእንሰቱ መሃል ወጡ። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ፈረሶች ተሰሙ።

«መስፍኑ ላከ! አትፍራ፣ ፈለቀ» አለ ሙሉካ። እጁን ዘርግቶ ሊቀበላቸው ሄደ።

የፊተኛው የገሪማን አሽከሮች ካባ ለብሷል። ፊቱን ግን ደመላሽ ያውቀዋል። የወንድይፍራው ሰው ነው።

ጠመንጃዎቹ ከትከሻ ወረዱ።

ደመላሽ «ሽሽ!» ሊለው አፉን ከፈተ።

እጁ ብቻ ተነሳ። ግንባሩን፣ ደረቱን፣ ትከሻዎቹን ነካ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲደነግጥ ያማትባል። የሙሉካ ምእመናን ግን አያማትቡም።

ሙሉካ ዞር ብሎ አየው።

«አንተ ነህ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ተኮሱ።

ወንድይፍራው ከቡናው ተክል ውስጥ ወጣ።

«እስር ብለኸኝ ነበር!» አለው ደመላሽ።

«እስር ቤትም ሆኖ ይሰብካል። የገሪማን ፈረሰኞች መንገድ ላይ ይዘናቸዋል። ገሪማንም ለጉዳይ ብለን ይርጋለም አስጠርተነዋል፤ አይመለስም። አሁን ሂድና ፈረሰኞች ወሰዱት በል። ምእመኑ ‹ተደበቀ› ብሎ በደስታ ዝም ይላል። ከዚያ ከዚህ አገር ጥፋ።»

የሙሉካ ሚስት ሸዋነሽ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ፈረሰኞች ወሰዱት?»

«ወሰዱት።»

«ተመስገን ጌታዬ!» እልል አለች፤ ወዲያው ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በእጇ ያዘች። እየሮጠች ገብታ ጋቢ ይዛ ወጣች። «የገሪማ ቤት ደጋ ነው፣ ብርድ አለ። አንተ ታደርስለታለህ፣ ወንድሜ?»

እውነቱን ሊነግራት ፈለገ። ፈራ።

«አደርሳለሁ» አለና ተቀበላት።

ዛሬ ደመላሽ ስሙን ቀይሮ ሩቅ ከተማ ውስጥ ከፈለኝ የሚባል ዝምተኛ የመጋዘን ጠባቂ ሆኗል። ከየት እንደመጣ የጠየቀው የለም። ሌሊት በብርድ እየተንቀጠቀጠ ያድራል፤ ጋቢውን ለብሶት አያውቅም። በሕልሙም ሙሉካ ዞር ብሎ ሲያየው ያድራል።

ሸዋነሽ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ባሏ ሞቆት እንደሚያድር ታምናለች።