ከሠላሳኛው ክፍያ በኋላ

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በውጭ ዕዳ መምሪያው መዝገብ ቤት ሁሉም ነገር በየቦታው ነበር፤ ከባዕድ መንግሥታት ጋር የተፈረሙት አርባ አንድ የብድር ውሎች በመደርደሪያው፣ ከባዱ የብረት ማኅተም በጠረጴዛው ጥግ፣ ሽማግሌው መዝጋቢ በወንበሩ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መዝጋቢው መዝገቡ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ማኅተሙ ሦስት ጊዜ አርፎበት የራስ ቅሉን ከኋላ ሰባብሮታል፤ ደሙ ግድግዳው ላይ እስከ ሰው ቁመት ተረጭቷል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ፣ ሳጅኑ የሟቹን አማች ኮሪደሩ ላይ በእርግጫ ይለዋል። አማቹ የመምሪያው ፋይል አመላላሽ ነው።

«ሸሚዙ በደም ተነክሯል፤ ትናንትም ተጣልተው ነበር። ግማሽ ሰዓት ብትሰጪኝ ራሱ ይለፈልፋል» አላት።

«ግማሽ ሰዓት ከሰጠሁህ አያቴንም ገድያለሁ ይላል። እግርህን ሰብስብ!»

አማቹ ደም ተፋ። «ተደፍቶ አገኘሁት፤ አቀፍኩት። አባቴ ነበር እኮ!»

መርፌ ሸሚዙን አገላብጣ አየች። ደረቱ ላይ የተለደፈ ደም እንጂ አንዲት ፍንጣቂ የለበትም።

የመምሪያው ኃላፊ ቢሮው ውስጥ ጠበቃት።

«አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በደጃፉ ሳልፍ በሕይወት ነበር። የግድቡን ብድር ከሰጠን መንግሥት ባንክ ተደውሎለት ስለሚቀጥለው ክፍያ ያወራል። ወዲያው አማቹ ገባ። ከዚያ ወዲያ እግዜር ይወቀው።»

በሚቀጥለው ክፍል የመምሪያው ተርጓሚ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች።

«ዛሬ ሥራ የለሽም?»

«የግድቡ አበዳሪዎች ባንክ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እስከ ሐሙስ ዝግ ነው። ጋሼ የየአገሩን ዝግ ቀን በቀይ የሚያሰምሩበት ሰንጠረዥ አላቸው፤ ክፍያ ዝግ ቀን ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል።»

«ኃላፊውስ ያውቃል?»

«እሱ? የቀረበለትን ይፈርማል እንጂ ሰንጠረዥ ቢያይ የግድግዳ ጌጥ ይመስለዋል!» እያለቀሰች ሳቀች። «ገና ትናንት ከአበዳሪዎቹ የቆየ ደብዳቤ ደርሶን ተርጉሜ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ዕዳችሁ አልቋል ይላል። ኃላፊው ግን ውሉ ተራዝሟል ብሎን ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርፌ ሁሉንም ሬሳው ወደተነሣበት ክፍል ጠራቻቸው። እናቱ የሞተችበትም እናቱ ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳል እንደሚባለው፣ የኃላፊው እንባ ከሁሉም ባሰ።

«የመታው ሰው ላይ ደም ይረጫል» አለች። «አማቹ ላይ ፍንጣቂ የለም፤ ሲያቅፈው ሰውየው ሞቷል። እርስዎ ግን፣ ጌታዬ፣ በቃልዎ ሟቹን በስልክ አስወሩት፤ ግድያው በአማቹ እንዲላከክ እሱ እስኪገባ በሕይወት መቆየት ነበረበታ። ዝግ ባንክ አይደውልም።»

«ታዲያ ተሳስቼ ይሆናል፤ ምን ጥቅም አለኝ?»

«የግድቡ ውል ዕዳው በሠላሳ ክፍያ ያልቃል ይላል፤ መዝገቡ ላይ ሠላሳ ስምንት ክፍያ ተጽፏል። ትርፎቹ ስምንቱ የሄዱበትን አዲስ የሒሳብ ቁጥር ያዘዙት ደብዳቤዎች የእርስዎ ፊርማ አለባቸው። ሽማግሌው ዛሬ ጠዋት ይህን ጠየቀዎት።»

«ሽማግሌው ጃጅቷል!»

«እንግዲያው የእጅ ሰዓትዎን ያውልቁ።»

ኃላፊው ዘሎ ጉሮሮዋን አነቀ። ሳጅኑ በዱላ ክንዱን ሲሰብረው ነው የለቀቃት። ሰውየው እጁን ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሯል፤ በሰዓቱ ማሰሪያ ቀዳዳዎች ውስጥ ግን ደም ደርቋል።

አማቹ በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ተፈታ። ሐኪሙ ሁለት የጎድን አጥንቱ መሰበሩን፣ በግራ ጆሮው ዳግመኛ እንደማይሰማ መዘገበ።