አልለቅም ያለችው ክሊት

ጫማ ሰፊው መጀመሪያ ወደ ብስክሌት መጠገኛው የመጣው ከአጎቱ የወረሰውን አሮጌ የውድድር ብስክሌት እየገፋ ነው። ፔዳሎቹ የእግር ማሰሪያ የላቸውም። ጫማ ሥር በሦስት ብሎን የምትታሰር ፕላስቲክ አለች፤ ክሊት ይሏታል። እግርን ከፔዳል ጋር ቆልፋ የምትይዘው እሷ ናት።

«ጫማውን ራሴ ሰፍቼዋለሁ» አለ። «ክሊቷን ግን ከየት እንደማመጣት እንጃ።»

መካኒኳ ፔዳሉን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ትንሽዬ ናት፤ አባቷ ግን ከያዘችው ነገር ፍንክች ስለማትል «ብሎኔ» ይሏታል።

«የድሮ ነው። ሦስት ቀዳዳ ያላት ሁሉ ትገጥማለች እንዳትል» አለችው። «የአፍንጫዋ ስፋትና የጅራቷ ውፍረት ነው ዋናው። ትንሽ ከወፈረች በግድ ትገባለች፤ ጭንቁ መውጣቱ ላይ ነው።»

«እግሬ እዚያው ይቀራል ማለት ነው?»

«አንተም አብረኸው ትቀራለህ።»

ሳቀ። እሷ ከመሳቢያ አንዲት ጥቁር ክሊት ፈልጋ አሰረችለት። እግሩን ፔዳሉ ላይ ቆልፎ ተረከዙን ወደ ውጭ ሲያዞር ክሊቷ ቀጭ ብላ ለቀቀች። ሁለቱም እኩል ቀና አሉና ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቀድማ ዓይኗን የሰበረች እሷ ናት።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው እግር አበዛ። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ያገኛትን ክሊት ሁሉ ይዞ ከች ይላል።

«ይቺስ ትሆናለች?»

«ቀዳዳዎቿ ተጠጋግተዋል። አትሆንም።»

«ይቺስ?»

«ይቺ እኮ የተራራ ብስክሌት ክሊት ናት፤ ሁለት ቀዳዳ ብቻ!»

እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይዋ ከደጃፉ ዞር ትላለች። አንድ ቀን አባቷ ጎማ እየነፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ለመሆኑ ይሄ ሰው ስንት እግር ነው ያለው?»

ጫማ ሰፊው እስከ ጆሮው ቀላ። በማግስቱም በሳምንቱም አልመጣም። እሷ የበሩ ጥላ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀና ማለት አበዛች።

በመጨረሻ የመጣችው ታላቅ እህቱ ናት፤ ዓይኗ በእንባ ቀልቷል።

«የወንድሜን እግር የቆለፍሽው አንቺ ነሽ? መብራት ላይ ሊቆም ሲል እግሩ አልወጣ ብሎ መኪና ፊት ወደቀ! ሆስፒታል ነው ያለው። ሁለተኛ አጠገቡ ድርሽ እንዳትይ!»

የብሎን መፍቻው ከመካኒኳ እጅ አመለጠ። ያን ቀን ክሊቷን በደንብ አይታታለች ወይስ እሱን ስታይ ነበር? በጉልበት ገብታስ ቢሆን? የገዛ እጇን ጠላችው። አባቷ ሽርጧን ከላይዋ ፈቱላት። «ሂጂ» አሏት።

እህትየው ከሆስፒታሉ ክፍል በር አጠገብ፣ የወንድሟን ጫማ በፌስታል ይዛ ተቀምጣለች።

«ምን አልኩሽ?»

«ብትሰድቢኝም እሰማሻለሁ፣ እህቴ። ጫማውን ብቻ አሳዪኝ።»

መካኒኳ ጫማውን ተቀብላ ገለበጠችው። ክሊቷ ግራጫ ናት፤ ጅራቷ ወፍራም፣ ብሎኖቿ ባልለመደ እጅ ተጫጭረዋል።

«የኔ አይደለችም» አለች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «የኔ አይደለችም... እሱስ? እሱስ እንዴት ነው?»

እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል እህትየው ግራ ገባት። ለጠብ ያዘጋጀችው እጅ ሳታስበው ትከሻዋን አቀፈ።

«መኪናው ደርሶ ቆሞለታል። የትከሻው አጥንት ነው የተሰነጠቀው፤ ይድናል ብለውናል። ዓይኑን ከገለጠ ጀምሮ ስላንቺ የሚያወራው ሰልችቶኛል። ይልቅ ግቢለት።»

ጫማ ሰፊው ሲያያት ሊነሳ ሞከረና አቃሰተ።

«ያሰርኩልህ ምን ሆነች?» አለችው።

«ምንም። እሷማ ልክክ ያለች ነበረች።»

«ታዲያ ምን ልሁን ብለህ በይቺ ቀየርካት?»

 ብርድ ልብሱን በደህናው እጁ ደጋግሞ አስተካከለ።

«የማትገጥም ብቻ እየለቀምኩ ሳመጣ ሞኝ መሰልኩ። አንዴ እንኳ የምትሆን ይዤ ልምጣ፣ ቀድሜ ልሞክራት ብዬ... መምጫ ሰበብ ነበር የፈለግሁት።»

«ለመምጫ ብቻ?»

«ሌላ ምን ሰበብ አለኝ?»

ልትቆጣው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። እየሳቀች አለቀሰች። እጁን ስትይዘው የጫማ መስፊያ ክር ያደነደናቸው ጣቶቹ ቀስ ብለው በጣቶቿ መሐል ገቡ።

«እኔ በሩን በሩን እያየሁ አንገቴ ሊዞር ነበር» አለችው። «ዝም ብለህ ና።»

ከሆስፒታል እንደወጣ ወደ መጠገኛው መጣ፤ በእግሩ፣ አንድ ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሮ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ፈገግ አለ።

«ምን ልጠግንልህ?» አለች እጇን በጨርቅ እየጠረገች።

«ዛሬ የተበላሸ ነገር የለም።»

አባቷ ጎማውን አስቀምጠው ወደ ጓሮ ዞር አሉላቸው። እሷ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ከደህናው ክንዱ በኩል ሆና አብራው ወጣች።