ፒተር የቋጠረው ሳር

የመብራት ተቆጣጣሪው ፒተር ከአዲሱ ቦይለር ሥር በጀርባው ተዘርሯል። ካቻቢቴው ከእጁ አልወጣም። የቦይለሩ የታችኛው ክዳን ተፈቶ ሽቦዎቹ ይታያሉ፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ጠቁረዋል። ግንቦት 1978 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ኦቹዶ ቆቡን አውልቆ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቆመ። ጋምቤላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ፖሊስ የማያውቀው ሬሳ አያጋጥመውም። ፒተርን ደግሞ ማን የማያውቀው አለ! የከተማውን አምፖል ሁሉ በስሙ የሚጠራ ሰው ነበር።

በጋምቤላ ሙቀት የሙቅ ውሃ ቦይለር ተገጠመ ሲባል ያልሳቀ አልነበረም። ቤቱ የነጋዴው የሐጂ ፈረጅ ነው፤ መንግሥት የተከራየው ደግሞ ከደጋ ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ለሆነው ካድሬ፣ ለጓድ አየልኝ ነው። ጓድ አየልኝ ወገቡን ያመዋል፤ በሙቅ ውሃ ካልታጠበ አይሆንለትም። እንግዲህ ሐጂ ቤቱን ለቀው ሰውዬው ከመግባቱ በፊት ፒተር ቫልቩን፣ ቱቦውንና ሽቦውን አይቶ መፈረም ነበረበት። ሲያይ ሞተ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ጓድ አየልኝ፣ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ። «ቦይለሩን የገጠመው ጎርደን የሚሉት ነው። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል። የሳሎኑ ቬንትሌተር ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደገና መዞሩ ምን ማለት ነው? አንድ ሰው ሽቦ ይነካካ ነበር ማለት ነዋ! አሻጥር ነው። ነገ ጠዋት በመኪና መቱ ይሄዳል፤ እዚያ ይለፈልፋል።»

«እርስዎ መቼ ደረሱ ጓድ?»

«ጩኸቱን ሰምቼ ነው የገባሁት። ከካድሬዎቹ ስብሰባ ለምሳ ወጥቼ በዚህ ሳልፍ።»

ኦቹዶ ሁለቱንም መልስ በማስታወሻው ጻፈ። እሱ ሲጽፍ ቀስ ይላል፤ ብዙ ሰው አማርኛው አልመጣለት እያለ ይስቅበታል። ይሳቁ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ መረቡን ቀስ ብሎ ነው የሚስበው።

በዚያ ዘመን በአሻጥር ተከሶ በዚያ መኪና ወደ መቱ እስር ቤት የሄደ ሰው ሲመለስ የታየው ከስንት አንዴ ነው። ይህን ኦቹዶም ያውቃል፣ ጎርደንም ያውቃል። ከሁሉ የበለጠ የምታውቀው ግን በግቢው በር ላይ ቆማ የነበረችው ኛማል ናት። ሟቹ ባሏ ነው፤ ጎርደን የእናቷ ልጅ።

ኦቹዶ ሬሳውን ፈተሸ። በሸሚዙ ኪስ እርሳስ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ የምርመራ ወረቀትና አውራ ጣት የምታህል ነጭ የሸክላ ፊውዝ ነበሩ። ፊውዟን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አያት። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ሄዶ የፊውዝ ሳጥኑን ከፈተ። ሳጥኑ የአንድ ፊውዝ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ እዚያም ፊውዝ ተሰክቷል።

አጠገቡ ያለው የመጠባበቂያ ዕቃ መሳቢያ ገርበብ ብሏል፤ ከሳጥኑ ሥር ወለሉ ላይ አንድ ነገር ወድቋል። ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ ተቋጥሮ የተበጠሰ እርጥብ ሳር ነው። ማንም ሳያየው በመሐረቡ ጠቀለለው።

ጎርደን በካቴና ታስሮ ከጓሮ ዛፍ ሥር ተቀምጧል።

«የት ነበርክ?»

«ጣሪያ ላይ፣ በርሜሉ ጋ። ፒተር ከታች ‹ውሃ ልቀቅ› አለ፣ ለቀቅሁ። ቦይለሩ ሞላ። ‹አሁን ክዳኑን እከፍታለሁ፣ ሽቦ አያለሁ› አለ። ከዚያ ጮኸ።»

«ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«በቫልቭ ቱቦ። እኔ አፉን ወደ በሩ አድርጌ ነበር። እሱ ‹ቫልቩ ሲተነፍስ የፈላው ውሃ የሰው ፊት ላይ ይመጣል፤ ወደ ውጭ፣ ወደ መሬት አውርደው› አለ። ሦስት ጊዜ አስፈታኝ። ተናደድሁ።»

«ተናድደህ ምን አልከው?»

ጎርደን አንገቱን ደፋ። «‹ይህ ጥንቃቄህ አንድ ቀን ይገድልሃል› አልሁት።» ይህን ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

መጥፎ ቃል ነው። ዳኛ ፊት ቢቀርብ አንገት ያስቆርጣል። ኦቹዶ ግን ጎርደን ይህንን ቃል ሳይጠየቅ በራሱ አፍ ማውጣቱን ልብ አለ።

ሐጂ ፈረጅን ሳሎን ውስጥ አገኛቸው። ሃያ ዓመት ጋምቤላ የኖሩ፣ በሚዛናቸው የማይታሙ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን መስገጃቸውን አጥፈው ታቅፈው ዓይናቸውን ያሸሻሉ።

«ሶላት ላይ ነበርኩ ሃምሳ አለቃ።»

«ብቻዎን?»

«ብ... ብቻዬን።»

አንድ ወንበር ከቦታው ተጎትቶ ልክ ከቬንትሌተሩ ሥር ቆሟል። አጠገቡ ባለው ጠረጴዛ ላይ ባዶ ብርጭቆ አለ፤ ከሥሩ የሎሚ ፍሬ ተጣብቋል።

«ጾሙ እንዴት ይዞዎታል ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ። ያው ሙቀቱ ነው እንጂ።»

«እውነትዎን ነው፤ በዚህ ሙቀት ረመዳን ከባድ ነው» አለ ኦቹዶ፣ ብርጭቆውን መልሶ እያስቀመጠ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሃራ ከጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ እንኳን አልደረቀም።

«ሎሚውን ማን ጨመቀው ወይዘሮ ዘሃራ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለማን?»

ዘሃራ በኦቹዶ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ጓድ አየልኝ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንጎራደዳል። «ለ... ለፒተር» አለች።

«ፒተር በዚያ በሥራ ልብሱ ሳሎን ገብቶ፣ ከቬንትሌተር ሥር ተቀምጦ ሎሚ ጠጣ?»

«ሃምሳ አለቃ፣ በአላህ ይሁንብህ ተወኝ። የልጆች እናት ነኝ።»

ተዋት። የጨነቃትን ሴት ማስጨነቅ አይወድም፤ ደግሞም መልሱን አግኝቷል።

በሩ ላይ ኛማል እጁን ያዘችው። ዓይኗ ደርቋል። «ባሌ ሞተ። ወንድሜን ነገ ይወስዱታል። በአንድ ሳምንት ስንቱን ልቅበር? ሰው ሁሉ ደግሞ ‹ፒተር እንደ ወትሮው ቀን መብራት የለም ብሎ ተዘናጋ› ይላል። ፒተር አይዘናጋም! ሳር አልቋጠረም ወይ?»

«ቋጥሯል» አላት ኦቹዶ ቀስ ብሎ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመቱው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ከግቢው በር ቆመ። የጎርደንን የመላኪያ ወረቀት የሚፈርሙት ሻለቃ በላቸው መጥተዋል። ኦቹዶ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «ጓድ ሻለቃ፣ ግማሽ ሰዓት ይፍቀዱልኝ። ፒተር የጀመረውን ምርመራ ልጨርስ» አለ።

«የምን ምርመራ?»

«የቦይለሩን።»

ጓድ አየልኝ ሳቀ። ሻለቃው አልሳቁም፤ ወንበር ስበው ሳሎን ተቀመጡ። ሐጂ ፈረጅ፣ ዘሃራ፣ ኛማል፣ በካቴና ያለው ጎርደን፣ ጓድ አየልኝ፣ ሁሉም ተሰበሰቡ። ለካድሬዎቹ ስብሰባ ሲባል እንደ ትናንቱ ዛሬም መብራት ከጠዋት ጀምሮ ተለቋል፤ ቬንትሌተሩ ከራሳቸው በላይ ይሽከረከራል።

ኦቹዶ የፒተርን ወረቀት ዘረጋ። የቫልቩን ጆሮ ቀና ሲያደርግ ውሃው በቱቦው ወርዶ ከውጭ መሬት ላይ ፈሰሰ። «ቫልቩ ይተነፍሳል። ቱቦው ወደ መሬት ወርዷል። የመሬት ሽቦው ጥብቅ ነው። ፒተር ሦስቱንም ‹ደህና› ብሎ ጽፏል፤ እኔም አይቻለሁ። ጎርደን የሠራው ሥራ እንከን የለውም። የቀረው ከክዳኑ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች ማየት ነው። ከዚያ በፊት ግን ፒተር ምን እንዳደረገ ላሳያችሁ።»

ወደ ኮሪደሩ ሄዶ ፊውዙን ነቀለ። ቬንትሌተሩ እያዘገመ ቆመ። ሙቀቱ ወዲያው ትከሻቸው ላይ ተጫነ። ኦቹዶ ፊውዙን ሸሚዙ ኪስ ከተተው፤ ከኪሱ እርጥብ ሳር አውጥቶ በሳጥኑ እጀታ ላይ ቋጠረ።

«የከተማችን መብራት የሚመጣው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ‹ፒተር ቀን መብራት መኖሩን ረሳ› አለ። ግን ለስብሰባው ብሎ መብራቱን ያስለቀቀው ማን ሆነና? ራሱ ፒተር ነው! አውቆም ፊውዙን ነቀለ። ትናንት ከሬሳው ኪስ ያገኘሁት ይኸውላችሁ።» ነጯን ፊውዝ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። «ፊውዙ ከሟቹ ኪስ ካለ፣ ሳጥኑ ላይ ተሰክቶ ያገኘሁት የማን ነው? ሌላ ሰው ከኮሪደሩ መሳቢያ መጠባበቂያውን አውጥቶ ሰካ። ፒተር ያን ጊዜ ሽቦውን ይዞ ነበር።»

«ጎርደን ነዋ!» አለ ጓድ አየልኝ።

«ጎርደን ጣሪያ ላይ ነበር። ይሁን፣ ወረደ እንበል። ሳሩንስ?» ኦቹዶ መሐረቡን ፈታ። «ፒተር ማታር በሚባለው መንደር ነው ያደገው። አባቱ ወጥመድ በጣለበት አጠገብ ሸምበቆ ላይ ሳር ይቋጥር ነበር፤ አትንካ ማለት ነው። ፒተርም ይህንን ወደ መብራት ሥራ አመጣው። አንድ ጊዜ የሐጂ ወፍጮ ላይ ቋጥሮ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሰው እህሉን እየተሸከመ ተመልሷል እንጂ ማብሪያውን የነካ የለም። ጎርደን ያውቃል። ሐጂ ያውቃሉ። ወይዘሮ ዘሃራ ታውቃለች። በዚህ ከተማ ሳር ተቋጥሮ አይቶ የሚበጥስ፣ ከተማውን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ማንም አላየም። ላቡ ግን ከሁሉም ግንባር ይወርዳል።

«ጓድ አየልኝ፣ ትናንት ምን አሉኝ? ‹ቬንትሌተሩ ቆሞ እንደገና ዞረ› አሉ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቬንትሌተሩ የቆመው ፒተር ፊውዙን ሲነቅል ነው፤ የዞረው ከጩኸቱ በፊት ነው። ጩኸቱን ሰምቶ የገባ ሰው ይህንን እንዴት አየ? ከሥሩ የተጎተተ ወንበር አለ። የሎሚ ብርጭቆ አለ። ሐጂና ባለቤታቸው ጾመኞች ናቸው። እንግዲህ በረመዳን ቀትር በዚህ ሳሎን ሎሚ የጠጣው ማን ነው?»

ጓድ አየልኝ ተነሣ። «ይህ የፀረ አብዮት ተረት ነው! ማን አየኝ? አየሁ የሚል ይምጣ!»

ዘሃራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ኦቹዶ ግን ወደ ሽማግሌው ዞረ፤ ድምፁ ዝቅ አለ።

«ሐጂ፣ ሶላት ላይ ነበርኩ አሉኝ፤ አምንዎታለሁ። ሰጋጅ ሶላቱን ሲጨርስ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ያሰላምታል፣ ከዚያ ወደ ግራ። መስገጃዎ ከዚህ ነበር። በግራዎ ኮሪደሩ ነው። ወደ ግራ ሲያሰላምቱ ማንን አዩ?»

ሐጂ ፈረጅ ወደ ጓድ አየልኝ አዩ። ጓድ አየልኝ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጎ ያፈጥጥባቸዋል። ኛማልም ዓይኗን ሳትነቅል ታያቸዋለች። ሽማግሌው የሷን ዓይን አልቻሉም።

«ጓድን አየሁ» አሉ። «የፊውዙን ሳጥን ሲዘጋ። መሳቢያው ሲከፈት በሶላት ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ። ‹ይኼን ሙቀት ማን ይችለዋል› ሲልም ሰምቻለሁ። ሶላቴን ይዤ ነበርና አልተናገርኩም፤ ወዲያው ልጁ ጮኸ። ሶላት ላይ ዝም ማለቴን አላህ ያውቅልኛል። ከሶላት በኋላ ዝም ያልኩበትን ግን ምን ብዬ እመልሳለሁ? ፈራሁ ልጄ። ፈራሁ።»

ጓድ አየልኝ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ፊውዙ የተቃጠለ መስሎኝ ነው... ቦይለሩ ጋ ሰው እንዳለ አላወቅሁም... በማርያም፣ ለመግደል አይደለም።»

«አይደለም» አለ ኦቹዶ። «ፊውዙን የሰኩት በስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ጎርደንን በካቴና አስረው መኪና ላይ ሊጭኑ የነበረው ግን በስሕተት አይደለም።»

ሻለቃ በላቸው ተነሥተው ወደ ጓድ አየልኝ ሄዱ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ሽጉጥህን።»

የመቱው መኪና በሦስት ሰዓት ወጣ፤ የተጫነው ግን ሌላ ሰው ነበር። ጎርደን ካቴናው እንደ ተፈታለት የፒተርን ወረቀት አንሥቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ፊውዙ ኦቹዶ ኪስ ነው፤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጎተተ፣ ክዳኑን መልሶ አሰረ። በመጨረሻው መስመር ላይ በፒተር እርሳስ «ደህና» ብሎ ጻፈ።

ኦቹዶ ኛማልን ወደ ጠረጴዛው ጠርቶ ነጯን ፊውዝ አሳያት። «ለዳኛው እስክትቀርብ እኔ ጋ ትቆያለች። ከዚያ ያንቺ ናት። ተዘናጋ የሚልሽ ካለ አሳዪው።»

ኛማል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ሄዳ ኦቹዶ ሳጥኑ ላይ የቋጠረውን ሳር ዳሰሰች፤ ላላ ብሏት ፈትታ በራሷ እጅ አጥብቃ ቋጠረችው።

«ፒተር እስኪቀበር ማንም እንዳይነካው» አለች።

ቀብሩ ለአሥር ሰዓት ነበር። እስከዚያ ድረስ ሻለቃውም፣ ሐጂም፣ ለቅሶ የመጣው ጎረቤትም በዚያ ሳሎን ተቀምጦ ላቡን ሲጠርግ ዋለ። ቬንትሌተሩን አስነሡልን ያለ አንድ ሰው አልነበረም።