የስድስት ሰዓቱ ፎቶ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ትንሿን ሳህን ከማሞቂያው ሳጥን አውጥቼ ማይክሮስኮፑ ሥር እያስቀመጥኩ ነበር።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ይህን የማስቀድመው "እንቅልፍ ተጫጭኗት ነው" እንዳትሉኝ ነው... የምጽፈው የደረሰብኝን ነው።

የምሠራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሳህኗ ውስጥ ያለው ከወራት በፊት ከአንዲት ታማሚ አንጀት ተወስዶ በቅዝቃዜ ተጠብቆ የቆየ የውስጥ ሽፋን ነው፤ ከጥፍር የሳሳ።

የአንጀታችን ሽፋን በየአራት አምስት ቀኑ ይታደሳል። ሴሎቹን "ተባዙ" ወይም "በቃ፣ አድጋችኋል፣ ሥራችሁን ያዙ" ከሚሏቸው መካከል ካይኔዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። እኔ አንዱን ካይኔዝ በመድኃኒት ዝም አሰኝቼ፣ ሴሎቹ መባዛት ማቆማቸውን በፎቶ ማሳየት ነበረብኝ።

ሰባት ቀን። በየቀኑ፣ መድኃኒቱን በጨመርኩበት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ፎቶ። በቃ።

ሁለት ዓመት ተኩል ለፍቼበታለሁ። ሁለት ጊዜ ከሽፎብኛል። ይህ የመጨረሻው ናሙና ነው፤ ካልሆነ ሥራው ይዘጋል፣ ወንበሬም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ስድስተኛው ቀን ነበር። አነሳሁ።

ደብዛዛ።

እንደገና... ደብዛዛ። እንዳለፉት አምስት ቀናት ሁሉ።

ጠረጴዛ ቀይሬአለሁ። ሌንሱ ከመጥረጌ ብዛት ሊያልቅ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ሳነሳው ጥርት ይላል። ሰባት ሰዓት ላይም። ስድስት ሰዓት ላይ ብቻ...

ሥራውን የሚመሩት ፕሮፌሰር ግን ሰዓቱ ከተዛባ ማወዳደር አይቻልም ብለው ድርቅ አሉ። ቢያንስ የሰባተኛውን ቀን ጥርት ያለ አምጪ፣ እሱም ከጠፋ እንዘጋዋለን አሉኝ።

"ስድስት ሰዓት ሲሆን ይርብሽና እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ ነገር የለውም" አሉ ሰው ፊት። ሁሉም ሳቀ።

ያን ቀን ሁሉም ምሳ ሲወጣ ቀረሁ። ካሜራውን ትቼ ዓይኔን አስጠጋሁ።

ሽፋኑ ይንቀሳቀሳል።

ጠበብ... ሰፋ። ጠበብ... ሰፋ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው፣ ቀስ እያለ፣ ሰው ሲውጥ ጉሮሮው እንደሚያደርገው።

ጡንቻ እኮ የለውም። ጡንቻውን በገዛ እጄ ነው ለይቼ የጣልኩት።

እጄን ከጠረጴዛው አነሳሁ። ትንፋሼን ያዝኩ።

አላቆመም።

ሮጬ ጠርሙስ አጣቢያችንን፣ ጋሽ ብልቃጥ የምንላቸውን፣ ከምሳቸው አስነስቼ አመጣኋቸው። አፋቸውን እየጠረጉ ጎንበስ ብለው አዩ። ስድስት ተኩል ሆኗል። ሽፋኑ ጸጥ ብሏል።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ሂጂና እህል ቅመሺ።"

ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም... በምን እንደሆነ አላውቅም።

ናሙናው ወደመጣበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ደወልኩ። ነርሷ ታውቀኛለች። የታማሚዋን ቁጥር ስነግራት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አርፈዋል እኮ።"

"መቼ?"

"ሁለት ወር አለፋቸው። በቱቦ ነበር የምናበላቸው... ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ላይ። የመጨረሻው ቀን ዘገየን። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ ነበር... ለምን ጠየቅሽኝ?"

"እንዲሁ ነው።"

በማግስቱ፣ ሰባተኛው ቀን፣ ለስድስት አሥር ጉዳይ ላይ ሳህኗን አወጣሁ።

ሕጉን አውቃለሁ። ሰባቱ ቀን እስኪያልቅ ሴሎቹ የሚመገቡት ፈሳሽ አይጨመርም። ከተጨመረ መድኃኒቱ ይቀጥናል፤ ፎቶው ውሸት ይሆናል።

ሳህኗን በዚያው ፈሳሽ እስከ አፏ ሞላኋት።

"ይኸው... ደረሰ" አልኩ በሹክሹክታ። ምን እንዳናገረኝ እንጃ። ክዳኗን ገጠምኩ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ዓይኔን አስጠጋሁ።

ጸጥ ብሏል።

አነሳሁ። እያንዳንዱ ሴል አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ጥርት ያለ ፎቶ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል የጠበቅኩት ፎቶ መጣ... ውሸት መሆኑን የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ።

ፕሮፌሰሩ ወደ ምሳ ሲወጡ በትከሻዬ በኩል ስክሪኑን አዩት።

"አየሽ? ስትፈልጊ ትችያለሽ" ብለውኝ ወጡ።

ሳህኗን ወደ ማሞቂያው ልመልሳት አነሳኋት።

ቀለለችብኝ።

ደርቃለች። ጠብታ የለም። ክዳኗ እንደተገጠመ ነው፤ ጠረጴዛውም ደረቅ ነው።

ሽፋኑ ብቻ... መሃል የነበረው ሽፋን... ተሰብስቦ ጠርዙ ላይ ተለጥፏል። በእኔ በኩል።

ሳህኗን አዙሬ ማሞቂያው ውስጥ አስገባኋት፤ ሽፋኑ ወደ ግድግዳው እንዲሆን። በሩን ዘጋሁ።

በበሩ መስታወት አየሁ... በእኔ በኩል ነው።

ፎቶውን አትሜ ደብተሩ ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ "ሰባተኛ ቀን፣ ስድስት ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። ሙጫው እስኪደርቅ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ያዝኩት። ከዚያ ደብተሩን ዘግቼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።