ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ቢጫው ቤት

ያን ቅዳሜ ጠዋት በዙልማሪ ቻናል ላይ አርባ ሰባት ቪዲዮዎች ነበሩ። «ይህ ቪዲዮ ለልጆች የተሠራ ነው?» ብሎ ድረ ገጹ ቪዲዮ ሲጫን ለሚያቀርበው ጥያቄ በአርባ ሰባቱም ላይ የተሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «አይደለም»።

በቪዲዮዎቹ ላይ የሚናገረው ከአረንጓዴ ካልሲ የተሰፋ ባለ ጺም እንቁራሪት ነው፤ ዶን ፔዮ ይባላል። ዙልማሪ እጇን ከትታ ታናግረዋለች፣ ታላቅ ወንድሟ ያዲኤል ይቀርጻል። ጥያቄው መጀመሪያ የመጣ ቀን የዙልማሪ ጣት ስልኩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ለልጆች ነው ካልሽ አስተያየት መስጫው ይዘጋል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው» አላት ያዲኤል። «አስተያየት ከሌለ በቪዲዮው ሰላም በሉኝ ብሎ የሚጠይቀን የለም። ያለ ሰላምታ ማን ያየናል?»

«እንቁራሪት እኮ ነው፣ ያዲ!»

«ጺሙ አይታይሽም? ትልቅ ሰው ነው።»

እየሳቀች «አይደለም» የሚለውን ነካች።

እነ ዙልማሪ በሚኖሩበት በኡቱዋዶ ተራሮች ሰውን በስሙ ብቻ ሰላም ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል። የማን ልጅ እንደሆነና ከየት እንደሆነ መጨመር አለበት። መንገዶቹ ስም ስለሌላቸው ቤት የሚታወቀው በኪሎ ሜትሩና በቀለሙ ነው። ባለፈው እሁድ ዶን ፔዮ፦ «ሰላም ለኪያራ፣ ለማሪቤል ልጅ! ካጓና፣ ኪሎ ሜትር አራት፣ ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ ቢጫው ቤት!» ብሎ ነበር። አድራሻውን በአስተያየቱ ላይ የጻፈችው ኪያራ ራሷ ናት፤ ፊደል እየገደፈች፣ መጨረሻው ላይ «ስድስት አመቴ ነው» ብላ። ዙልማሪም ቀይ ልብ ልካላት ነበር።

አሁን በሩ ላይ የቆመችው ማሪቤል ናት። ሽርጧ ዱቄት እንደነካው ከዳቦ ቤቱ መጥታለች።

«ይግቡ፣ ዶኛ ማሪቤል» አለቻት ዙልማሪ በአክብሮት።

«አልገባም የኔ ልጅ፣ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ነው። ትናንት እኔ ልብስ ሳሰጣ አንድ ሰውዬ አጥሩ ጋ ቆሞ ኪያራን በስሟ ጠራት። የማናውቀው ሰው ነው። አሻንጉሊት ይዞ፣ የዶን ፔዮ ጓደኛ ነኝ ይላታል። በሩን ልትከፍትለት ስትል ውሻው ጮኸ፤ እኔ ስሮጥ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።»

ዙልማሪ ወደ ደጃፉ ወጣች።

«ለፖሊስ ተናግሬያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ማሪቤል። «ስልክ ይዛ ዝም ስትልልኝ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። አንቺማ ምን አደረግሽ፣ ሰላም አልሻት እንጂ! ብቻ እሱን ቪዲዮ አጥፊልኝ፣ በእናትሽ።»

«አጠፋዋለሁ» አለች ዙልማሪ።

ማሪቤል ጉንጯን ስማት ሄደች። ጉንጯ በጥፊ የተመታች ያህል ጋለ።

«አየሽ፣ አልተቆጣችም» አለ ያዲኤል ከኋላዋ። «አንዱን አጥፊና ዝም በይ።»

«ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።»

ስልኩን ከፈተች። ሌሎቹም ሰላምታዎች እንደዚያው ነበሩ፦ ሮዙ ቤት፣ የማንጎው ዛፍ ያለበት ቤት፣ ከድልድዩ በታች ያለው ሰማያዊ ቤት። እያንዳንዱን አዳመጠች። የገዛ ድምፅዋ ዶን ፔዮን እያስመሰለ፣ እየሳቀ፣ የልጆቹን በር ያሳያል።

«አጥሩ ጋ የቆምነው እኛ አይደለንም!» አለ ያዲኤል።

«መንገዱን ማን ነገረው ታዲያ?»

ያዲኤል ሰላምታ ያለባቸውን አንድ በአንድ ስታጠፋ ቆሞ አያት። የቀሩት ላይ መልሱን ወደ «አዎ» ስትለውጥ ግን «በቃ፣ ቻናሉን ገደልሽው» ብሎ ወጣ።

ዙልማሪ ወደ ዳቦ ቤቱ ወረደች። የቅዳሜ ሰልፍ ረጅም ነው፤ ሁለት ጊዜ ተራዋን ለሰው ለቀቀች። ማሪቤል ስታያት ፈገግ ብላ ወረቀት ከረጢት አነሳች።

«ስንት ልስጥሽ?»

«ዳቦ አልፈልግም። ዶኛ ማሪቤል፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ቪዲዮው ለልጆች ነው ወይ ተብዬ ስጠየቅ አይደለም ብያለሁ። አዎ ብል ኖሮ ኪያራ ምንም መጻፍ አትችልም ነበር። እያወቅኩ ነው የዋሸሁት።»

የማሪቤል እጅ ከረጢቱ ላይ ቆመ፤ ፈገግታዋ ጠፋ። ከኋላ ሰልፈኞቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ድገሚው» አለች።

ዙልማሪ ፊቷ እየነደደ ደገመችው።

ቻናሉ ላይ ዘጠኝ ቪዲዮዎች ቀሩ። በማግስቱ እሁድ ዶን ፔዮ ማንንም በስም ሳይጠራ የተናገረበት አሥረኛው ወጣ፤ እስከ ማታ ሃያ ሦስት ሰው ብቻ አየው።